የስድስት ወር ተቅማጥ፦ ጥርሱ ነው ወይስ ውሃው?

ክረምት ሲገባ በጎንደር መንደሮች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። «ልጄን ያስቀምጠዋል፣ ምን ላድርግለት?» መልሱ እንደ ተጠያቂዋ ይለያያል። አንዷ «ጥርሱን ሊያወጣ ነው፣ አይዞሽ» ትላለች። ሌላዋ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ትቀጥፋለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «አሜባ ነው፣ መድኃኒት ቤት ሂጂና ፍላጂል በያቸው» ትላለች። በዚህ ላይ የቲክቶክና የቴሌግራም ምክር ሲጨመር እናት ግራ ብትጋባ አይገርምም።

ከሁሉም የሚዘወተረው የጥርሱ መልስ ነው። የሚያዘናጋውም እሱ ነው። አሜባ ነው የተባለ ሰው ቢያንስ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፣ እዚያም አንድ የሚያውቅ ሰው ያገኝ ይሆናል። ጥርስ ነው የተባለ ተቅማጥ ግን «ያልፋል» ተብሎ ዝም ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነትም ያልፋል። ሳያልፍ ሲቀር ግን ሕፃን ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊዳከም ይችላል።

ጥርስ ለምን ይወቀሳል?

የእናቶች ግምት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ጥርስ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ብቅ የሚለው ስድስተኛው ወር ገደማ ነው። ተቅማጥም የሚበዛው በዚያው ሰሞን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 12 በመቶው ከዳሰሳው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር መዝግቧል። ከ6 እስከ 11 ወር ያሉት ተለይተው ሲታዩ ቁጥሩ 23 በመቶ ይደርሳል። ድድ በሚያሳክክበት ዕድሜ ከአራት ሕፃናት አንዱን ገደማ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው ሲመጡ ዕድሜ ልኳን ያየች አያት፣ አንዱን የሌላው ምክንያት ብታደርገው አይፈረድባትም።

ነገሩን ለማጣራት ሕፃናትን በየቀኑ እየተከታተሉ የተሠሩ ጥናቶች በተለያዩ አገሮች አሉ። ጥርስ በሚወጣበት ሰሞን ለሃጭ ይበዛል። ሕፃኑ ድዱን ያሻል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ሰውነቱም ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። ኃይለኛ ትኩሳትና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ግን የጥርስ ምልክት ሆነው አልተገኙም።

አንድ ቀጭን ግንኙነት አለ፤ እሱን መካድ አያስፈልግም። ድዱ የሚያሳክከው ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ቁልፍ፣ ጫማ፣ ከመሬት ያነሳው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሁሉም ይታኘካል። በዚህ በኩል ጥርስ ተባባሪ ነው ቢባል ያስኬዳል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ነው።

በስድስተኛው ወር ምን ይለወጣል?

በዚህ ዕድሜ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰሞን ይደራረባሉ።

አንደኛው የመከላከል አቅም ነው። ሕፃን ሲወለድ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የተሻገሩለትን አንቲቦዲዎች ይዞ ነው። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት በሽታ አምጪ ተዋሲያንን ለይቶ የሚይዝበት ንጥረ ነገር ነው። ከእናት የመጣው ስንቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየሳሳ ይሄዳል፣ ስድስተኛው ወር ላይ አብዛኛው አልቋል። የሕፃኑ የራሱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። የጡት ወተት የራሱ መከላከያ ስላለው ክፍተቱን በከፊል ይሸፍናል። «ጡቱ ነው ያስቀመጠው» ብሎ በተቅማጥ ጊዜ ጡት ማቋረጥ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መዳህ ነው። እስከዚያ ድረስ በአንቀልባ ወይም በፍራሽ ላይ የነበረ ልጅ ወለሉን ይረከባል። ዶሮ የሚዞርበት ግቢ ከሆነ ደግሞ እጁ ምን እንደሚነካ መገመት አይከብድም።

ሦስተኛው ምግብ ነው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ሕፃኑ ጡት ብቻ ከመጥባት ወደ አጥሚት፣ ወደ ገንፎና ወደ ወተት ይሸጋገራል። ምግቡ ያስፈልገዋል። ከስድስት ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም። ጣጣው የሚመጣው ምግቡ ከተሠራ በኋላ በሚቆይበት መንገድ ነው።

የተለመደውን አሠራር እንይ። ጠዋት አጥሚት ይሠራል ወይም የላም ወተት ይፈላል። ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል። እናት ሥራ ትሄዳለች። አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ከዚያው እየቀዱ ያጠጡታል። በደንብ የፈላ ነገር መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ነገር ግን ፔርሙዙ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ለብ ብሎ የሚቆይ ወተትና አጥሚት ለባክቴሪያ የሠርግ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ የሚቀዳው አጥሚት ሲቀመስ አልኮመጠጠ ይሆናል፤ የባክቴሪያው ቁጥር ግን ጠዋት ከነበረው ጋር አይገናኝም።

ጡጦም ከዚህ ጋር ይቆጠራል። የጡጦ አንገትና ጫፍ ውስጥ የሚቀረው የወተት ቅሪት በእጅ አይደረስበትም። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ጡጦን በቀን አራት ጊዜ አፍልቶ ማጠብ ለወሬ ነው የሚቀለው። የጤና ባለሙያዎች ስኒና ማንኪያ የሚመርጡት ጎኑና ታቹ ስለሚታይ፣ ስለሚታጠብም ነው። ትንሽ ይፈሳል፣ ልብስ ይበላሻል፤ የሚያመጣው ችግር ከዚያ አያልፍም።

ከስድስት ወር በፊት ውሃና ለጋ ቅቤ የሚሰጣቸውም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተሠራው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ በአገር ደረጃ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ። ለቀሩት ከላይ ያለው ጣጣ ገና ቀድሞ ይጀምራል።

ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ

የጥርስ ወቀሳ በወሬ ቢቀር ጉዳቱ ባልከፋ። በገጠሩም በከተማው ዳርም የሚከተል እርምጃ አለው። የሕፃኑ ድድ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ይታያል። «ግግ ነው፣ ተቅማጡን ያመጣው እሱ ነው» ይባላል። ከዚያ በስለት ወይም በሹል ነገር ድዱ ተቀዶ ይወጣል።

ያ ነጣ ያለው እብጠት ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ነው። ተቅማጥ ያለበትም የሌለበትም ሕፃን አለው። በስለት ተቀዶ ሲወጣ ደም ሊበዛ ይችላል። ያልተቀቀለ ስለት መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት ቫይረስንና ኤች.አይ.ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ተጎድቶ ጠማማ ሆኖ ሊወጣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። ድዱ የቆሰለ ሕፃን ጡት አይስብም። በተቅማጥ ውሃው እያለቀ ያለ ልጅ መጠጣት በሚገባው ሰዓት አፉ ተዘጋ ማለት ነው። በሳልና በትውከት ምክንያት እንጥል ማስቆረጥም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጉዳት ያለው ነገር ለምን አልጠፋም? ተቅማጥ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ግግ የወጣለት ልጅ አምስተኛው ቀን ላይ ይሻለዋል። ምስጋናው ለግጉ ይሆናል። ያልተሻለው ልጅ ደግሞ «ዘግይቶ ነው የመጣው» ይባላል። ይህ ስሌት የሚሠራው በባህል ሕክምና ላይ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን የተጀመረ ፀረ ባክቴሪያ ክኒንም በዚሁ መንገድ ስም ያወጣል።

ጉዳቱ ያለው ከሚወጣው ውሃ ላይ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከ440 ሺህ በላይ ልጆች በየዓመቱ በተቅማጥ ይሞታሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለሞት የሚያደርሰው ከሰውነት የሚወጣው ውሃና ጨው አለመተካቱ ነው። ሕፃን ትንሽ ነው፤ የሚያጣው ውሃ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ብዙ ነው። ደሙ ይቀንሳል፣ ሽንቱ ያንሳል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ብዙ ቤት እርግብግቢት ሲሰረጉድ ቅቤ ይደረግበታል። ምልክቱን ማስተዋላቸው ትክክል ነው። የጎደለው ግን ቅቤ አይደለም፣ ውሃና ጨው ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ አለመግባባት። «ባጠጣሁት ቁጥር ያስወጣዋል፣ ሆዱ ይረፍ» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ልክ ይመስላል። ሰውነት ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የአንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ ብቻ የሚከፈት መግቢያ አለ። ሶዲየም ከግሉኮስ ጋር ተያይዞ ይገባል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ሌላውን የአንጀት ሥራ ሲያዛባው ይህ መግቢያ በአብዛኛው መሥራቱን ይቀጥላል። ንጹሕ ውሃ ብቻውን በደንብ አይገባም፣ ስኳር የበዛበት መጠጥ ደግሞ ጭራሽ ውሃን ወደ አንጀት ይስባል። ለዚህ ነው ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተሞላ ሻይ ተቅማጥን የሚያብሱት።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው፣ በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. ወይም «ለምለም» እየተባለ የሚጠራው ዱቄት የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ግሉኮስ፣ የገበታ ጨው፣ ፖታሲየምና ሲትሬት በተለካ መጠን አንድ ላይ ናቸው። በ1963 ዓ.ም. የባንግላዴሽ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ በሰፈሩበት ካምፕ ኮሌራ ሲገባ፣ የደም ሥር ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንን ድብልቅ በበርሜል እያስበጠበጡ ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረጉ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። ያጠጡት ነርሶች አልነበሩም፤ እናቶች፣ አባቶችና ወንድሞች ነበሩ።

እንዲህ የሚያድን ነገር ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን አይወደድም? በዚያው የ2008 ዳሰሳ ተቅማጥ ከያዛቸው ልጆች ይህን ዱቄት ያገኙት 30 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንዱ ምክንያት እጥረት ነው። ሌላው ግን የሚጠበቅበት ነገር ነው። ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጡን አያቆምም። የወጣውን ይተካል እንጂ መውጣቱን አይከለክልም። ሰገራው እንዳለ ሲቀጥል እናት «አልሠራለትም» ትላለች፣ ወደሚያቆም ክኒን ትሄዳለች። ዱቄቱን የሚሰጥ ባለሙያ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ካልተናገረ፣ ፓኬቱ ግማሽ ላይ ይጣላል።

አንድ ፓኬት ስንት ውሃ ይፈልጋል?

የተለመደው ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ የተለካ ነው። በትንሽ ውሃ የሚበጠበጥም ስላለ ጽሑፉን ማንበብ ወይም ሲሰጡ መጠየቅ ይሻላል። ቤት ውስጥ ሊትር መለኪያ አይኖር ይሆናል፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግን የማይገኝበት ቤት የለም። በደንብ የታጠበ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ጆግ ውስጥ መገልበጥ፣ ከዚያ ፓኬቱን በሙሉ መጨመር ነው።

አደገኛው ስህተት ፓኬቱን በሻይ ብርጭቆ መበጥበጥ ነው። ወይ ከፋፍሎ ለመቆጠብ፣ ወይ «ጠንከር ይበልለት» በሚል ይደረጋል። ውጤቱ ጨው የበዛበት ፈሳሽ ነው። በሕፃን ደም ውስጥ ሶዲየም ከመጠን በላይ ሲወጣ እስከ መንዘፍዘፍ ያደርሳል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ አይጠቅመውም። የተበጠበጠው ተከድኖ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይደፋል።

ሕፃኑ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ሁለት ዓመት ካልሞላው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። በማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ ከበፊቱም በዝግታ። ጡት አይቋረጥም፣ እንዲያውም ይጨመራል። ምግብ የጀመረ ልጅ መብላቱን ይቀጥላል፤ የተራበ አንጀት ቶሎ አይጠገንም።

ፓኬት በማይገኝበት ሌሊት አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ልሙጥ የተባለው ይሰመርበት፤ ጨው የበዛ እንደሆነ ከላይ የተባለው አደጋ ይመለሳል። የሩዝ ውሃ፣ ቀጭን አጥሚት፣ ጨው የገባበት ሾርባም ይረዳሉ። ለትልቅ ሰው የሚደረገው ፌጦ በሎሚ ግን ለሕፃን አንጀት አይሆንም።

ዚንክ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር አብሮ እንዲሰጥ ይመክራሉ። ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በአራተኛው ቀን ቢቆምም ክኒኑ ይጨረሳል። አንጀትን ስለሚጠግን በቀጣዮቹ ወራት ዳግም የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል። ማንኪያ ላይ በታለበ የእናት ጡት ወይም በትንሽ ውሃ ይሟሟል።

«ፍላጂል በያቸው»

የሕፃናት ተቅማጥ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ወይም በራሱ የሚድን ነው። ፍላጂልም ሆነ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይነካም። ዋነኛ ከነበሩት አንዱ የሮታ ቫይረስ ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2006 ዓ.ም. በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አስገብታለች። በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው፣ ከ6ኛው ሳምንት ይጀምራል። ይህ ጠብታ ካመለጠ በኋላ የሚገዛ ፍላጂል ቦታውን አይተካም።

እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ አንዱ ነው፣ በምርመራ የተረጋገጠ አሜባ ወይም ጃርዲያ ሌላው። ጃርዲያ ግን ደህና ልጅ ሰገራ ውስጥም ስለሚገኝ፣ የምርመራ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ብቻውን የተቅማጡ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም። ሰገራን በግድ የሚያቆሙ መድኃኒቶች ለሕፃን ጭራሽ አይሰጡም።

ስለ መድኃኒት ቤቶች የሚነሳው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን ያለ ማዘዣ ስለሚሸጡ ነው ችግሩ የመጣው ይላል፤ ሕጉም ማዘዣ ይጠይቃል። ሌላው ወገን እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ ግማሽ ቀን ከምትጠብቅ ሰፈሯ ያለው መድኃኒት ቤት ቢቀርባት ምን ይገርማል ይላል። ለእኔ ሁለተኛው ወገን እውነታውን የበለጠ የያዘው ይመስለኛል። ሰው የሚሄደው ወደሚቀርበው ነው። መድኃኒት ቤቱ ፍላጂል ለጠየቀች እናት ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ይዞ ቢሸኛት፣ ከቁጥጥሩ ይልቅ ያ ይበልጥ ይጠቅማል።

የፈረቃ ውሃ ምን ያመጣል?

ጎንደር ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት። ዋና ምንጯ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማዋ ደግሞ ወደ አዘዞ፣ ወደ ማራኪና ወደ ዳሮቿ እየሰፋች ሄዳለች። ውሃ ሲጠፋ የሚታየው እጥረቱ ነው። የማይታየው የጥራቱ ጉዳይ ነው።

ቧንቧ ውስጥ ያለማቋረጥ ውሃ ሲኖር ግፊቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ስንጥቅ ቢኖር እንኳ የሚሆነው ንጹሕ ውሃ ወደ አፈሩ መፍሰስ ነው። ውሃው ሲቋረጥ ግፊቱ ይጠፋል። ቧንቧው ባዶ ሲሆን በዙሪያው ያለውን እርጥበት በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ ሽንት ቤት ወይም የፍሳሽ ቦይ ካለ፣ የሚገባው ከዚያ የሚሰርገው ነው። ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ የጠገበ ስለሆነ የሚገባው ይበዛል። ስለዚህ ውሃ በተለቀቀ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ የከፋው ነው። ቀለሙ ጠራም አልጠራም፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ጀሪካን ነው። ውሃ ለቀናት ይቀመጣል፣ ክሎሪኑ እየተነነ ይጠፋል። የጀሪካኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ ንፍጥ የሚያንሸራትት ነገር ይጋገራል፤ ተዋሲያን የሚደበቁት እዚያ ነው። በንጹሕ ጠጠርና በሳሙና አንቀጥቅጦ ማጠብ ያስወግደዋል። ጠባብ አንገቱ ግን በጎ ነው፣ ጣሳ አያስገባም። ከሰፊ በርሜል በጣሳ እየጠለቁ መጠጣት የቤተሰቡን እጅ ሁሉ ውሃው ውስጥ መንከር ነው። ለሕፃን የሚሆነውን ውሃ ለይቶ ማፍላት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ በጽሑፉ መሠረት ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። ከሰል በተወደደበት ጊዜ ሁለተኛው ይቀላል።

ምክር ወይስ ቧንቧ?

ይህን ሁሉ የምታደርገው እናት ናት። ትክክል ነው ወይ? ባለሙያዎች ራሳቸው የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተሠሩና 2018 እና 2019 እ.ኤ.አ. ላይ ይፋ የሆኑ ትልልቅ ሙከራዎች ነበሩ። ለቤተሰቦች የክሎሪን ማከሚያ፣ የተሻሻለ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ተሰጠ። በባንግላዴሽ ተቅማጥ በግልጽ ቀነሰ። በኬንያና በዚምባብዌ ግን አልቀነሰም። ከሦስቱ በአንዱም ውሃና ንጽሕና ላይ የተሠራው ሥራ ብቻውን የልጆቹን ቁመት አላስረዘመም።

አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ የቤት ውስጥ ምክር ዋጋ የለውም ይላል። ይህ የቸኮለ ነው። ባንግላዴሽ ላይ አስተማሪዎቹ በየጥቂት ቀናት ቤት ለቤት ይመጡ ነበር፣ ሌሎቹ ጋ ግን ያን ያህል አልነበረም። ከሙከራዎቹ የሚወሰደው ዋናው ትምህርት ሌላ ነው። ግቢው ሙሉ ተበክሎ፣ ውሃው በሳምንት አንዴ እየመጣ፣ እጅ መታጠብ ብቻውን ያን ሁሉ ሸክም አይችልም። ኦ.አር.ኤስ. ልጁን ከሞት ያተርፈዋል፣ በሚቀጥለው ወር እንዳይታመም የሚያደርገው ግን ያልተቋረጠ የቧንቧ ውሃ ነው።

ጎንደር ለዚህ ክርክር እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትባት ከጤና መኮንኖችና ከኅብረተሰብ ነርሶች ጋር ሳኒቴሪያኖችን አብራ ታሠለጥን ነበር። ሳኒቴሪያን የምንጭ ውሃ የሚጠብቅ፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍር የጤና ባለሙያ ነው። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ነበር የሚወጡት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ከዚያ ሥር ያደጉ ናቸው። የውሃው ሥራ ግን ከጤናው ተለይቶ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኗል፤ እናት የምትመከረው በአንዱ ቢሮ፣ ውሃ የምታጣው በሌላው ነው።

በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ በነጻ እንዲሰጡ ሥርዓቱ ያዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ግን መድኃኒቱም ሠራተኛዋም በቦታቸው ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ሁለት ሦስት ፓኬት ቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

አተት የተባለ እንደሆነ

አተት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» የሚለው ምሕጻር ነው። ኮሌራም በዚህ ስም ሲጠራ ይሰማል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ ብዙ ምእመን በተሰበሰበበት የበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር። ኮሌራ የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ አለው፣ ትልቅ ሰውንም በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ አይጠበቅም። ኦ.አር.ኤስ. በመንገድ ላይም እየተጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ኮሌራ ባይሆንም ቤት የማያስቀምጡ ምልክቶች አሉ። ልጁ ጡት መሳብ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘና ለመንቃት ካስቸገረ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው። ሰገራው ደም ካለበት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደም እንዲሁ። የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃው በጣም ጎድሏል። የሚነጫነጭና ውሃ ሲያይ የሚንሰፈሰፍ ልጅ ገና ጊዜ አለው። ዝም ያለው ልጅ ነው የሚያስፈራው። ብዙ ቤት ግን ዝምታው «ተኛልኝ» ተብሎ ይታለፋል።

የጤና ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ለእናቲቱ ነው፣ በክትባት ቀን፣ በጤና ኬላ ደጃፍ። ቤት ስትመለስ ግን ቃሉ የሚሰማው የአማቷ ወይም የእናቷ ነው። ለባጃጅ የሚከፍለው ደግሞ ባሏ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ወላድ አያቲቱ «ጥርሱ ነው» ካለች በኋላ ሌሊት ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ልትከራከር አትችልም። ስለዚህ ፓኬቱን እንዴት እንደሚበጠብጡና የትኛው ምልክት ሲታይ እንደሚሮጡ ለአያቶቹና ለአባቶቹ በቀጥታ መንገር ያስፈልጋል።